መንገድ ላይ የሚቀር የዘፈን ዋጋ

«የእኛ ሕዝብ ለሙዚቃ አይከፍልም» ይባላል። ድምፃዊው በቃለ መጠይቅ ይለዋል፣ አሳታሚው ሱቁን ሲዘጋ ይለዋል፣ መተግበሪያ የሠራው ወጣትም የደንበኞቹን ቁጥር አይቶ ይለዋል። ይህን አባባል ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ጎጃም የወረደ ሰው ግን ደምበጫን ሳያልፍ ይቸገራል። በዚያ አገር ለዘፈን ያልተከፈለበት ዘመን የለም። በእህል ተከፍሏል፣ በብር ተከፍሏል፣ በባትሪ ድንጋይ ተከፍሏል፣ በስልክ ካርድ ተከፍሏል። መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ማን እጅ ላይ እንደቀረ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዱሮ ወጀት ትባል ነበር። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት በመሐሏ ያልፋል። በዚያው መንገድ ትንሽ ወደፊት ሲኬድ ቡሬ ይመጣል፤ እዚያ መንገዱ ይከፈላል፣ አንዱ በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። ከሁለቱ ከተሞች በርበሬና በቆሎ ተጭኖ ይወጣል፤ በምላሹ ጨርቅ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ ይገባል። ካሴትም የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል፣ ወደ ሰከላ፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ወንበርማ፣ ዕቃው በእግርና በአህያ ጀርባ ይቀጥላል።

ካሴት ከመምጣቱ በፊት ዘፈን መስማት ማለት ዘፋኝ ማየት ነበር። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሰርግ ቤት ወይም ጠጅ ቤት ይገባል። አንዱ ተጋባዥ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ስሙ የተነሳው ሰው ደረቱን ነፍቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ላሊበሎች ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ይቆማሉ። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አስቀድመው ጠይቀው ስለሚመጡ ሰውዬው ከእንቅልፉ የሚነቃው በራሱ ውዳሴ ነው። እህል ወይም ሳንቲም ሲሰጣቸው መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳሉ። አዝማሪውም ላሊበላውም የሚከፈላቸው ፊት ለፊት ነው፤ የሚከፈላቸውም ዘፈኑ ስም ስለጠራ ነው። ያንኑ ግጥም በማግስቱ እረኛ ከብት እየጠበቀ ቢያንጎራጉረው አዝማሪው ተሰረቅሁ አይልም። ግጥሙንስ የሰጠው ማን ሆነና?

የጎጃም ነገር ከተነሳ ቤተ ክህነትን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ዳዊት ሲገለብጥ የሚከፈለው ለእጁ ድካም ነው፤ ለቃሉ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ ግዝት ተጽፎ ይገኛል፦ መጽሐፉን የሰረቀ፣ የባለቤቱንም ስም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። ውግዘቱ ያረፈው በብራናው ሌባና በስም ፋቂው ላይ ነው። መጽሐፉን ተውሶ የገለበጠ ሰው አይወገዝም፤ እንዲያውም ለጻፈውም ላጻፈውም ጸልዩ ይባልላቸዋል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ የጉባኤው መሳቂያ ይሆናል።

እንግዲህ «ባላገሩ የፈጠራ ባለቤትነት አያውቅም» የሚለው ንግግር ከየት እንደመጣ ማሰብ ያስቸግራል። ሥራውን ከሠሪው ስም መለየት ነውር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ቅጂ ማውጣት ወንጀል ነው የሚለው ነው እንግዳ የሆነበት። ዛሬም ቢሆን በሚሞሪ የተጫነ ዘፈን የሚሰማ የጃቢ ጠህናን ጎረምሳ «ይህ የይሁኔ በላይ ነው፣ ያኛው የሰማኸኝ በለው ነው» ብሎ ለይቶ ይናገራል እንጂ የራሴ ነው አይልም።

ዘፈን ከዘፋኙ ተለይቶ የሚሸጥ ዕቃ የሆነው በሸክላ ነው። በአዲስ አበባ ሸክላ የማሳተም ብቸኛው መብት በመንግሥት ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ዐምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ገደብ ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አስቀርጾ አስገባ። (የግሉ የሙዚቃ ንግድ የተጀመረው ክልከላ በመጣስ መሆኑ ዛሬ ስለ ሕግ አክባሪነት የሚሰበክበትን ቃና ትንሽ ያለዝበዋል።) ዐምሐ በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ እስኪሄድ ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክሎች አሳተመ። ይህ ሁሉ ግን የከተማ ታሪክ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ውድ ነው፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ ይጫራል። የሰከላ ገበሬ ያንን ወርቃማ ዘመን የሚሉትን ያወቀው፣ ካወቀው፣ በሬዲዮ ነው።

ገጠሩን የከፈተው ካሴት ነው። በደርግ ዘመን ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው የካይፋው ዓሊ አብደላና ሌሎች አሳታሚዎች ፊታቸውን ወደ ካሴት አዞሩ። ቴፕ ሪከርደር በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ መብራት በሌለበት ሰርግ ቤት ይገባል፤ ትከሻ ላይ ተይዞ ገበያ ይሄዳል። ለጥር ሰርግ ድንጋይ መግዛት የድግሱ ወጪ አንዱ ክፍል ሆነ። ለዘፈን ከወጣው ገንዘብ ብዙውን የወሰደው ምናልባት የድንጋይ ፋብሪካው ሳይሆን አይቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ኦሪጂናሉ ካሴት ከአዲስ አበባ አከፋፋዮች ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ይላካል፤ ለትንሽ ከተማ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሲያልቅ ሙዚቃ ቤቱ ሌላ እስኪላክ ደንበኛውን መመለስ አይፈልግም። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አለው፤ ባዶ ካሴትም አለው። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች ይነግረዋል፣ ገበያ ውሎ ሲመለስ የተቀዳውን ይዞ ይሄዳል። ቃሉ ራሱ ከጠላ ቤት የመጣ ነው፦ ቀዳ፣ ቀጂ፣ ማስቀዳት። ጠላ ሲቀዳ ግን እንስራው ይጎድላል፤ ዘፈን ሲቀዳ ኦሪጂናሉ ሙሉ እንደሆነ ይቀራል። ባላገሩን «ሰርቀሃል» ብሎ ማሳመን የከበደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከማን ምን እንደጎደለ አይታይም። የጎደለበት ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፣ እሱም የሚያውቀው ያልተሸጠውን ካሴት ሲቆጥር ነው።

የተቀዳው ካሴት ደግሞ በአንድ በኩል ከኦሪጂናሉ ይሻል ነበር። የአንድ ዘፋኝ 10 ዘፈን በግድ ከመስማት፣ የሰርግ የሰርጉ፣ የእስክስታ የእስክስታው ተመርጦ በአንድ ላይ ይገኛል። ኦሪጂናል ካሴት በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ፕላስቲክ ተሰብራ ትመጣለች። በዚያች ቀዳዳ ወረቀት ወይም ጥጥ ጠቅጥቆ እንደገና መቅዳት የማይችል ጎረምሳ አልነበረም። አንዳንዱ ካሴት የታዋቂ ዘፋኝ ፎቶ ተለጥፎበት ውስጡ ግን ከሩቅ አገር የተላከ የወንድም ድምፅ ይወጣበታል፦ «እንደምን አላችሁ፣ እኔ ደኅና ነኝ»።

ከሁሉ በላይ የተቀዳው ግን ዘፈን ላይሆን ይችላል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ደራሲው የጎጃም ሰው፣ ታሪኩም የጎጃም ታሪክ። ማንበብ ያልቻለ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ የሰማው በዚያ ድምፅ ነው። ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ፣ ከዩቲዩብ ወደ ሚሞሪ እየተገለበጠ እዚህ ደርሷል። ከነዚህ ግልበጣዎች ስንቱ በፈቃድ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ካልተገለበጠ ግን ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት አይሰማውም ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት የሚወዱ ሰዎች ወጋየሁ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ሕግ ቀድሞም አልጠፋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ደራሲና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ይደነግጋል። ቴፕ ሪከርደርን አስቦ የተጻፈ ግን አይደለም። በ1990ዎቹ ሲዲ ሲመጣና የኮምፒውተር ግልበጣ ሲጨመርበት ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ተባብረው ለወራት አዲስ ሥራ አናወጣም እስከማለት ደረሱ። ሐምሌ 1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አንድ ግለሰብ ለራሱ መገልገያ አንድ ቅጂ ቢያወጣ ይፈቅዳል። ሆን ብሎ መብት የጣሰን ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ቅጣቱን ቡሬ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። የበርበሬ ነጋዴው ለራሱ ቢገለብጥ ጥፋት የለበትም፤ መገልበጫ ስለሌለው ጎረቤት ላለው ሙዚቃ ቤት ከፍሎ ሲያስገለብጥ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ቢያንስ የ5 ዓመት እስረኛ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ አስፈጻሚው ራሱ አያምንበትም። አዲስ አበባ ላይ አልፎ አልፎ የሲዲ አዟሪዎች ዕቃ ይያዝ ነበር፤ በየወረዳው ያለውን ቀጂ ሁሉ ማሰር ግን የሚታሰብ አልነበረም። ሕጉ ከቅጣት በቀር ለዚያ ሰው የሚያቀርብለት ነገር አልነበረውም። ወስኖ የሚከፍለው ፈቃድ፣ የሚገባበት ውል፣ ድርሻ የሚያስገባበት ማኅበር የለም። የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን የሚመለከተው ማሻሻያ፣ አዋጅ 872/2007፣ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የካሴት ንግድ አብቅቶ ነበር።

አንድ የሚዘለል ነገር አለ። በብዙ የባህል ዘፈን ካሴቶች ሽፋን ላይ «ግጥም፦ የሕዝብ፣ ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ይነበባል። ያ ሕዝብ የተባለው አድራሻ አለው። በደቦ አጨዳ ላይ፣ በሰርግ ሆታ፣ በጥምቀት ጭፈራ ግጥሙን ያወጣው ባላገር ነው። ዘፋኙ ወይም አቀናባሪው ወርዶ ሰምቶ፣ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ኪቦርድ ጨምሮ ካሴት አደረገው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ጥሩ ዘፋኝ ያንን ግጥም ሌላ ሕይወት ይሰጠዋል። ነገር ግን ባላገሩ የእናቱን የሰርግ ግጥም በሸቀጥ መልክ ተመልሶ ሲመጣለት ከፍሎ ባያስቀዳው፣ የመጀመሪያው ቀጂ ማን እንደነበረ መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። ለ«ሕዝብ» ድርሻ የላከ አሳታሚ አልተሰማም።

ከዚያ ስልክ መጣ። መጀመሪያ የመጡት ባለ ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ሲም፣ ድምፃቸው እንደ ቴፕ የሚጮኽ ርካሽ ስልኮች ነበሩ፤ ዋናው ነገራቸው ግን የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያቸው ነው። የካሴት ቀጂው ሙዚቃ ጫኝ ሆነ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርድ ማንበቢያ፣ በር ላይ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ፣ በጎን ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ የሞባይል ሽፋንና የአየር ሰዓት ካርድ። በገበያ ቀን ገበሬው ጠዋት ሚሞሪውን ሰጥቶ በቆሎውን ይሸጣል፤ ከሰዓት ይወስደዋል። ጫኙ ደንበኛውን ያውቃል፦ ለአባት የፉከራና የማሲንቆ፣ ለልጅ አዲስ የወጣ፣ ለእናት መዝሙርና ስብከት፣ ለሰርግ ቤት ሌሊቱን የሚያዘልቅ። መቶ ዘፈን በአንድ የቡና ዋጋ ገደማ። የትኛው መተግበሪያ ነው እንዲህ አድርጎ ደንበኛውን የሚያውቀው?

ገንዘቡን ግን ሙሉ በሙሉ ያስቀረው እሱ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ድምፃዊው፣ ግጥም ጸሐፊው፣ አቀናባሪው፣ ስቱዲዮ የተከራየው ሰው አንድ ሳንቲም አላዩም። ስም ያለው ዘፋኝ በኮንሰርትና በውጭ አገር ጉዞ ይካሳል። ቪዛ የማያገኘው የባህል ዘፋኝ፣ ግጥም ሽጦ የሚኖረው፣ ሳክስፎን የሚነፋው አይካስም። በየጊዜው «እገሌ ታሞ ለሕክምና እርዳታ ይፈልጋል» እየተባለ የሚሰማው ጥሪ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጥሪው ሲወጣ ያው አይከፍልም የተባለው ሕዝብ እንደ አዝማሪ ሽልማት፣ ሰውየውን ፊት ለፊት ሲያየው፣ ያዋጣል።

ሌሎች አገሮችም በዚህ አልፈዋል። ናይጄሪያ ውስጥ ካኖ የውጭ ፊልም በሕገ ወጥ መንገድ እያባዛ የሚያሰራጭ ሰፊ የገበያ መረብ ነበራት። የሐውሳ ቋንቋ ፊልም ሲጀመር ያው መረብ፣ ያው ማባዣ፣ ያው ነጋዴ የሕጋዊው ፊልም አከፋፋይ ሆነ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ጉልሻን ኩማር የተባለ የጭማቂ ነጋዴ ልጅ በቲ ሲሪስ ኩባንያው አማካይነት ካሴትን በጣም አርክሶ፣ በሙዚቃ ቤት ብቻ ሳይሆን በየጉሊቱ አሰራጨው። ሰውዬው ራሱ በቅጂ መብት ጉዳይ ንጹሕ ነበር የሚል የለም። የዋጋውና የስርጭቱ ነገር ግን ገብቶት ነበር፤ ኦሪጂናሉ እንደ ፌኩ ረክሶ፣ ፌኩ ያለበት ቦታ ሁሉ ከተገኘ ይገዛል። በእኛ አገር ኦሪጂናሉ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ባላገሩ እንዲመጣለት ጠበቀ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አውታር ይህን ለመለወጥ የተደረገ ከባድ ሙከራ ነው። ኤልያስ መልካ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከዮሐንስ በቀለና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆኖ ያቋቋመው መተግበሪያ ነው፤ ዘፈን በርካሽ ዋጋ፣ ከስልክ ሂሳብ ተቆርጦ እንዲገዛ አደረጉ። የባንክ ካርድ ለሌለው አገር ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። ኤልያስ ግን መስከረም 2012 ላይ፣ ሥራው ገና ዳዴ ሲል አረፈ። ከዚያ በኋላ ሰዋስው መጣ፤ ከግንቦት 2013 ጀምሮም ቴሌብር ስላለ «መክፈያ የለም» የሚለው ሰበብ ከከተማ ጠፋ። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን መተግበሪያ ስማርት ስልክ፣ ስልኩ መብራት፣ ዘፈኑ ዳታ ይፈልጋል። ለዘፈኑ ከሚከፈለው ለዳታው የሚከፈለው ሲበልጥ ገንዘቡ እንደገና መንገድ ላይ ቀረ፤ እንደ ባትሪ ድንጋዩ ዘመን።

የሚገርመው በዚያው ጊዜ የገጠር ሰው በስልኩ ለዘፈን መክፈሉ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ማሳመሪያ የሚባለው አገልግሎት ላይ ደንበኛው ዘፈን ወይም መዝሙር መርጦ ከሂሳቡ ያስቆርጣል። ዘፈኑን እሱ አይሰማውም፤ የሚሰማው የሚደውልለት ሰው ነው። ያልገባው ሰው ይህን ሞኝነት ይለዋል። ሰርግ ቤት ብር ግንባር ላይ ሲለጠፍ ያየ ሰው ግን አይገርመውም፤ ሌላው እየሰማ ስም የሚያስጠራ ዘፈን ነው፣ ለእንዲህ ያለው ሁልጊዜም ይከፈላል። ቴዲ አፍሮ አልበም ሲያወጣ ኦሪጂናሉን ገዝቶ ማሳየት የክብር ነገር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ከዚያ የከበደ ብዙ ነገር በደረሰበት አገር ስለ ዘፈን ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ለጉዳያችን ግን የሚለው አለው። ከኢንተርኔት ላይ እየተከፈለ የሚሰማ ሙዚቃ በአንድ ውሳኔ ጸጥ አለ። ሚሞሪ ላይ ያለው መጫወቱን ቀጠለ፤ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር እየተላለፈ፣ ያለ ኔትወርክ። ሕጋዊው መንገድ መንግሥት ሊዘጋው የሚችል፣ ሕገ ወጡ ግን ማንም ሊዘጋው የማይችል በሆነበት ቦታ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ግልጽ ነው። ዩቲዩብም መፍትሔ አልሆነም። ጫኙ ከዩቲዩብ አንድ ጊዜ አውርዶ ለሦስት መቶ ሰው ሲጭነው የሚቆጠረው አንድ እይታ ነው።

(መጽሐፍም ከዚህ አላመለጠም። ትናንት የታተመ ልቦለድ ዛሬ ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የለቀቀው ሰው ደግሞ የደራሲውን ስም በትልቁ ጽፎ፣ «እውቀት ለሁሉም» ብሎ ነው። ስም ፋቂ አይደለም፤ ግዝቱ አያገኘውም።)

ከአዋጁ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ፣ በቡሬ የነቀምት መገንጠያ፣ በገጠር ቀበሌዎች ገበያ ላይ ሙዚቃ ጫኞች አሁንም አሉ። የትኛው ዘፈን በየትኛው ወር እንደሚፈለግ፣ የትኛው ዘፋኝ በየትኛው ወረዳ እንደሚወደድ ከአዲስ አበባ አሳታሚዎች ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ቴሌብር አብዛኞቹ ስልክ ላይ አለ። ከተጫነው ከእያንዳንዱ ሚሞሪ አንድ ብር እንኳ ለባለ መብቱ እንዲልኩ፣ የቀረውን በሕግ እንዲያስቀሩ፣ በር ላይም «ወኪል» የሚል እንዲለጥፉ ውል ይዞ የመጣላቸው ሰው ግን እስካሁን የለም። በወረቀት ላይ ያላቸው ድርሻ አሁንም ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው።